ወስፌ እና ጠርዙ የተቆረጠው ደረሰኝ

እህቴን ሰፈሩ ሁሉ «ወስፌ» ይላት ነበር። ስሙን ያወጡላት የአውቶቡስ ሾፌሮች ናቸው፤ በግማሽ ለሥራዋ፣ በግማሽ ለምላሷ። ሠላሳ አንድ ዓመት የአውቶቡስና የጭነት መኪና ወንበር ስትሰፋ ኖራለች። ሱቋ ከጋራዡ አጥር ጋር የተለጠፈ አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበር። ግድግዳውን የቆዳና የሸራ ጥቅል ሞልቶታል፤ ወለሉ ላይ የስፖንጅ ፍርፋሪ አይጠፋም፤ ከስፌት መኪናዋ በላይ ደግሞ ዓመቱ ካለፈ አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው አንድ ካላንደር ተሰቅሏል። ፎቶግራፉ የጎረቤት አገር የባሕር ዳርቻ ነው፤ ለመርከብ የሚበራ ነጭ ማማና እግሩ ሥር ሄዶ የሚያልቅ አስፋልት።

«እትዬ፣ ይህን ነገር ለምን አታወርጂውም?» አልኳት አንድ ቀን።

«መንገዱ እዚያ ያልቃላ። ሾፌሮቹ ሁሉ መንገድ አያልቅም ይሉኛል። ሄጄ ካላየሁ ማንን ልመን?»

በሃምሳ አንድ ዓመቷ ሄደች። ሞተር ሳይክሏ ከሦስት ሰው እጅ የዞረ አሮጌ ነበር፤ ኮርቻውን ግን ራሷ ስለሰፋችው ሌላው አካሉ ቢያልቅ እሱ እንደሚተርፍ እናውቃለን። ድንበር ላይ ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጧት። ፈቃዱ ለሠላሳ ቀን ነው፤ ቀኑ ሳያልቅ ሞተሩን ይዛ ካልወጣች ይወረሳል። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ማማው ጋ ለመድረስ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ሲቀራት፣ እናታችን ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። የደወልኩላት እኔ ነኝ። በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ ደውያለሁ።

ደንቡ እንዲህ ላለው ነገር መላ አለው። እንግዳው በድንገት አገሩ መመለስ ካለበት ተሽከርካሪውን በጉምሩክ መጋዘን ያስቀምጣል፤ የፈቃዱ ቀን ባለበት ይቆማል። ከስድስት ወር በላይ ግን አይቀመጥም። በስድስተኛው ወር መጨረሻ ቀን፣ በሩ በአሥራ አንድ ሰዓት እስኪዘጋ ድረስ ያልወጣ ተሽከርካሪ ባለቤት እንደሌለው ተቆጥሮ ለሐራጅ ይመዘገባል።

እሷ በደረሰችበት ከተማ መጋዘኑን የሚጠብቁት መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሰው ነበሩ። ሞተሩን ሸራ አልብሰው በገመድ ሊያስሩት ሲሉ አልተዋጠላትም።

«በገመድማ አይጥም ይገባበታል። ይፍቀዱልኝና ልስፋው፣» አለቻቸው። የዚያን አገር ቋንቋ ከደንበኞቿ ከሾፌሮቹ የለቀመችው ስለሆነ ስትለምንም የምትሳደብ ይመስላል።

ወስፌዋንና ሰም የተቀባ ክሯን ከሻንጣዋ አውጥታ የሸራውን ጠርዝ ዙሪያውን ሰፋችው። ሽማግሌው የክሩን ጫፍ በእርሳስ ማኅተም አሽገው መዝገባቸው ላይ ጻፉ። ከዚያ ደረሰኙን ያለ ማስመሪያ፣ ያለ መቀስ፣ ሆን ብለው እያዛነፉ በእጃቸው ለሁለት ቀደዱት። ግማሹ ለእሷ፣ ግማሹ ለመጋዘኑ። ስትመለስ ሁለቱ ጠርዞች መግጠም አለባቸው። ፊርማን አስመስሎ የሚፈርም አይጠፋም፣ አንድን ወረቀት ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት የሚቀድ ግን የለም ብለው ነው የሚያምኑት። ይህን ለእሷ የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀች፤ ሐሳቧ እናታችን ጋ ነበር።

ቤት እንደደረሰች ወረቀቶቿን ሁሉ ለእኔ ሰጠችኝ። የተማርኩት የመዛግብት አያያዝ ነው፤ የምኖረውም በእሱ ነው፤ እሷም «መዝገቡ» ብላ ነበር የምትጠራኝ። ደረሰኙ አንድ ጎኑ ተሸረካክቷል። እንዲህ ያለ ወረቀት ማህደር ውስጥ ሲቆይ ከጠርዙ ይተለተላል፤ አጠገቡ ያለውንም ያበላሻል። ማስመሪያ አስደግፌ አንድ ጣት ያህል በምላጭ ቆረጥኩና አስተካከልኩት። በፕላስቲክ ከተትኩት፤ ቁጥር ሰጠሁት፤ ቁራጩን ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

እናታችንን አምስት ወር ከምናምን አስታመመቻት። ሱቁን ዘግታ፣ አልጋው ሥር ፍራሽ አንጥፋ፣ በየሁለት ሰዓቱ እያገላበጠች። እናታችን ከማረፏ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ «ያ ማማ ጋ ደረስሽ ወይ?» አለቻት።

«ገና ነኝ።»

«እንግዲህ በእኔ እንዳታሳብቢ።»

ከቀብሩ በኋላ የቀረው ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነበር። ፕላስቲክ ውስጥ ያለውን ደረሰኝ ሰጥቻት በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዛ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ከምሳ በኋላ መጋዘኑ ደረሰች።

መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት ጸሐፊ ጥቁር ልብሷን አይታ ወንበር ሳበችላት። «አረፍ ይበሉ እማማ።»

«እማማ አትበይኝ የኔ ልጅ። ሞተር ልነዳ ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌው የመጋዘኑን ግማሽ ደረሰኝ ከሣጥን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። የእሷን ከፕላስቲኩ አውጥተው አስጠጉት። በሁለቱ መካከል የአንድ ጣት ክፍተት ቀረ። መነጽራቸውን አደረጉ፤ አወለቁ፤ እንደገና አደረጉ።

«እህቴ፣ ጠርዙስ?»

«የቱ ጠርዝ?»

«እኔ የቀደድኩት። ይህ በምላጭ የተቆረጠ ነው።»

ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ነው ስልኩ የጮኸው። «መዝገቡ፣ ይህን ወረቀት ነክተኸዋል?»

«አስተካክዬዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ጎኑ የተሸረካከተ ነበር፣ ቆረጥኩት።»

«ቁራጩስ?»

«ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ስድስት ወሩ ነው።»

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «በል ቁጭ በል፣» ብላ ዘጋችው።

«ወንድምዎ ምንድን ነው ሥራው?» አሏት ሽማግሌው።

«ወረቀት ይጠብቃል።»

«ከማን?»

የቢሮው ኃላፊ ተጠርቶ መጣ። ጠርዙ ካልገጠመ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል አለ፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይምጣ ቢባል ደግሞ ሳምንት ይፈጃል። ነገ ጠዋት ሞተሩ ሐራጅ መዝገብ ላይ ነው። የቀረው አንድ መንገድ፣ ከመጋዘኑ መዝገብ ባለቤትነቱን የሚያሳይ ነገር ከተገኘ፣ ሦስት ሠራተኞች በቃለ ጉባኤ ፈርመው ማስረከብ ብቻ ነው። የሞተሩን ቁጥርማ ፈቃዱን የያዘ ሁሉ ያነበዋል፤ ፈቃድም ይሰረቃል። ሽማግሌው ሁሉን ነገር የሚጽፉ ሰው ነበሩ፤ መዝገባቸውን ገልጠው ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡ። «ሸራው በባለንብረቷ እጅ ዙሪያውን ተሰፍቶ ታሽጓል።»

«ያው እጄ እዚህ አለ፣» አለች። «ጨርቅ ስጡኝ።»

«ስፌት ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?» አለ ኃላፊው።

«አንድ ከሆነማ ያቺ ልጅ በእርስዎ ቦታ ትፈርምልኝና እንገላገል።»

ሽማግሌው ፈቀዱ፤ አፈቃቀዳቸው ግን እንደ ሥራቸው ነበር። እሷ ወደ መጋዘኑ እንዳትጠጋ፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ በአሮጌ የሸራ ጆንያ እንድትሰፋ፣ ሰፍታ ስትጨርስ ይዘውት ገብተው እንዲያስተያዩት። ወስፌዋን አወጣች። አንድ ክንድ ያህል ሰፋች፤ ቀና ብላ ሰዓት አላየችም፤ ስትቸኩል ክር ይላላል ትል ነበር። ከዚያ ሁሉም ተያይዘው መጋዘኑ ውስጥ ገቡ፤ እሷን በሩ ላይ አቆሟት።

ሽማግሌው ሸራው አጠገብ ተንበርክከው በአውራ ጣት ጥፍራቸው መቁጠር ጀመሩ። «በየሰባተኛው ስፌት አንድ ወደ ኋላ ይመለሳል፣» አሉ። ጆንያውን አዩ። እዚያም በሰባተኛው ይመለሳል። «ለምንድን ነው የሚመልሱት?»

«ተሳፋሪ የአውቶቡስ ወንበር በምላጭ ይቆርጣል። እንዲህ ካደረግኩት ሰባት ስፌት ተተርትሮ ይቆማል፤ ሌላው አይነካም።»

«እንግዲህ በቂ ነው፣» አለ ኃላፊው። «አባባ፣ ሰዓቱ እኮ ሄደ።»

«እስከ መጨረሻው ሳልቆጥር ፈርሜ አላውቅም።» ዙሪያውን በጉልበታቸው እየዳሁ ቆጠሩ። ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት። ከኋላ ጎማው በላይ ሲደርሱ ቆሙ። ደግመው ቆጠሩ። «እዚህ ጋ ስምንት ነው።»

እህቴ ከበሩ ላይ ሆና «እዚያ ጋ ስደርስ ነው ወንድሜ ሁለተኛ የደወለው፣» አለች። «ቁጥሩ ጠፋብኝ።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሡ። ጉልበታቸውን አራገፉ። «አስታውሳለሁ፣» አሉ ለኃላፊው። «ክሩን በጥርሳቸው ይዘው ነበር ያወሩት። ሞተሩ የእሳቸው ነው። አምጣው ልፈርም።»

እሷ ስታወራው ለበሩ መዝጊያ የቀረው አምስት ደቂቃ ነበር። በእጄ ያለው የቃለ ጉባኤው ግልባጭ አሥራ ሰባት ደቂቃ ይላል። ቃለ ጉባኤውን እመን ብዬ ብዙ ጊዜ ተከራክሬያታለሁ፤ አልተሳካልኝም። ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር፣ ሞተሩ ስድስት ወር ቆሞ ባትሪው ሞቶ እንደነበር ነው። ከበሩ መስመር ውጪ መውጣት አለበት፤ አልነሣም አለ። እሷ መሪውን ያዘች፤ ጸሐፊዋ ጫማዋን አውልቃ ከጎን ገፋች፤ ሽማግሌው መነጽራቸው ደረታቸው ላይ እየተወዛወዘ ከኋላ ገፉ። ኃላፊው ትንሽ ቆሞ አየና እሱም መጣ። መስመሩን ተሻገሩ። ውጪ፣ በአራተኛው ርግጫ፣ ሞተሩ አስነጠሰና ተነሣ።

«ፈቃድዎ አሥራ አንድ ቀን ይቀረዋል፣» አሏት ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን ከሞተሩ በላይ ከፍ አድርገው። «ወደ አገርዎ ሁለት ቀን ይበቃዎታል።»

«ይበቃኛል፣» አለችና ሄልሜቷን አጥልቃ በተቃራኒው መንገድ ሄደች።

እኔ በሁለተኛው ቀን ማታ ጠበቅኳት። አልመጣችም። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ስልኬ ጮኸ። ከጀርባዋ ከባድ ነፋስ ይሰማል።

«መዝገቡ፣ አስፋልቱ አለቀ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የፊት ጎማዬ ጫፉ ላይ ነው። ከዚህ ወዲያ ውሃ ነው። ለሾፌሮቹ ንገርልኝ፣ ሁሉም ዋሽተዋል።»

ከዚያ ሳቀች። እናታችን ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ፈቃዱ ሁለት ቀን ሲቀረው ድንበሩን ተሻግራ ገባች። ከአቧራዋ ሳትታጠብ ቢሮዬ መጥታ የመውጫውን ደረሰኝ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው፤ ድንበሩ ላይም እንዲሁ በእጅ ነው ለሁለት የሚቀድዱት። ምላጬን አንሥታ ኪሷ ከተተችና ወደ ሱቋ ሄደች። ካላንደሩን አወረደችው፤ በቦታው ምንም አልሰቀለችም።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረች። ካረፈች ስምንት ወሯ ነው። ሞተሩን ሴት ልጇ ወስዳዋለች፤ በመጪው በጋ በዚያው መንገድ እሄዳለሁ ትላለች፤ ከፈቃድ ጋር የተያያዘውን ነገር ሁሉ መጥታ እየጠየቀችኝ ነው። ባለፈው ሳምንት የእናቷን ማህደር ስናገላብጥ የመውጫው ደረሰኝ የተቀደደ ጠርዝ ከሽፋኑ አንድ ጣት ያህል ወጥቶ አየችው።

«አጎቴ፣ ይሄ ወጥቷል እኮ። አታስተካክለውም?»

«ተዪው፣» አልኳት። «እንደዚያው ይሁን።»