ዘንገና መሃል የጠፋው ሞተር

አጎቴ ያን ቀን ዘንገና ሐይቅ መሃል ሞተሩን ለምን አጠፉት?

ከሐይቁ አቅራቢያ ባለችው ቆሰበር ከተማ ውስጥ መካኒክ ነበሩ። እንግዶች እንደ ሞተር ሳይክል ተቀምጠውባት የሚንሸራሸሩባት ትንሽ ጀልባ ዘይት ስታፈስ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ዳር ላይ አስረው፣ ሞተሯን በጨርቅ አድርቀው፣ የሚያፈስበት ቦታ እንዲለይ ዱቄት ነስንሰውባት ያስነሷታል። ከዚያ ነጩ ላይ የመጀመሪያዋ ጥቁር ነጥብ እስክትታይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ትምህርት ዘግይቼ የጀመርሁ ነኝና አብሬያቸው ስውል ሁሉን ቶሎ ማወቅ እፈልግ ነበር። «የሚንጠባጠበው ከታች ነው፤ የሚያፈሰው ግን ከላይ ነው። አትቸኩዪ፣ ልጄ» ይሉኛል።

ያን ቀን የዘይት ማጣሪያውን ማሸጊያ ጎማ ቀየሩና «ነይ እንሞክራት» አሉኝ። ደነገጥሁ። ሚስታቸው አክስቴ «ሐይቁ ሰው ይወስዳል» ብለው ውኃው ላይ እንዳይወጡ አስምለዋቸው ነበር። ወገባቸውን አቅፌ ሄድን። መሃል ስንደርስ ሞተሩን አጠፉት። ጫካው ውኃው ውስጥ ተገልብጦ ቆሟል፤ ሰማይ ላይ የተንሳፈፍን መሰለኝ። «ለአክስትሽ እንዳትነግሪ» አሉኝ።

አልነገርሁም። አጎቴ ካረፉ በኋላ ግን አክስቴ ለለቀስተኛው ሁሉ «ቃሉን አጥፎብኝ አያውቅም» ሲሉ አንገቴን እደፋለሁ። ጋራዡ ተዘግቷል፤ «አትቸኩዪ» የሚለኝም የለም። በተዝካሩ ማግሥት፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ ለአክስቴ ነገርኋቸው።

«ያን ቀን እስከ ጉልበቱ የራሰውን ሱሪ ማን ያጠበው መሰለሽ?» አሉኝ። «እሱ ራሱ እስኪነግረኝ ነበር የጠበቅሁት።»