በድምፅ ብልጫ የተገኘ ደረጃ አራት

ሀዋሳ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ በተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት የከተማው ሰው ሁሉ የቤት ይዞታ ማህደር ያለው አንድ ማሽን ላይ ነበር። አንድ! ወረቀቱማ “ዘምነናል” ተብሎ ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ተጥሎ በስብሷል። “ይኼ ነገር ቢቃጠል የሕዝብ ቤት አብሮት ይሄዳል፤ ቅጂ የማስቀምጥበት ሌላ ማሽን ግዙልኝ” ብዬ ብለፈልፍ ማን ሰምቶኝ!

መናኸሪያ ሱቅ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ቤታቸውን በልጃቸው ስም ሊያዞሩ መጥተው፣ ማህደራቸውን ስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው። አሮጌውን ካርታ ተቀብዬ እንደ ደንቡ ወደዚያው መጋዘን ላክኩትና አዲሱ እስኪወጣ እንዲጠብቁ ነገርኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

በዚያው ሰሞን ከበላይ ትእዛዝ መጣ፦ የመረጃ ቴክኖሎጂ አደረጃጀታችሁ ምን ያህል እንደበሰለ ራሳችሁን መዝኑና ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ ስጡ። ደስ አለኝ። እኛ ደረጃ አንድ እንኳ ሲበዛብን ነው፤ እንግዲህ አፍረው ማሽኑን ይገዛሉ ብዬ።

ወይ የኔ ነገር! አለቃችን ኢሜይሉን እንኳ ጸሐፊዋ አትማ የምትሰጠው ሰው ነበር። የሚያውቀው ግምገማ ብቻ ነው። ሠራተኛውን በሙሉ አዳራሽ ሰበሰበና “ራስን ዝቅ አድርጎ ማየት የአመለካከት ችግር ነው። እሺ፣ ደረጃ አራት የምትሉ?” አለ። አጠገቤ የነበረው የግዥ ኃላፊ “ስለ ምንድን ነው?” ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝና መልሴን ሳይሰማ እጁን አወጣ። ያ ሁሉ ዲግሪ የያዘ ሰው፣ አንድም ሳይቀር!

ተነስቼ “ቅጂ እንኳ የለንም፣ የምን አራት?” አልኩ። “ጨለምተኛ!” ተባልኩ። ማሽኑን እንደገና ስጠይቅማ “ደረጃ አራት የደረሰ መሥሪያ ቤት ምን ጎድሎት?” ብሎ አለቃዬ ሳቀብኝ። ለማሽን የጠፋው በጀት ለባነርና ሐይቁ ዳር ለአሳ ግብዣ ተገኘ። በሉ እንግዲህ ብሉ አልኩ በሆዴ።

ክረምት ገባና መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑን አቃጠለው። ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተባለ። ደረጃ አራት ይቃጠላል እንዴ?

ሽማግሌው ካርታቸውን ሊወስዱ መጡ። አለቃዬ ወረፋው ፊት ቆሞ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ “አባት፣ የእኛ ሲስተም ማህደር አይጠፋበትም። ከሌለ መጀመሪያውኑም አልነበረዎትም” አላቸው። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

“ልጄ፣ አንቺ አይደለሽም እንዴ ያሳየሽኝ?”

አለቃዬ አፈጠጠብኝ።

“እኔ ነኝ አባባ። ካርታዎንም የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ ተቃጥሎ ነው፤ ዋሽተውዎት ነው!” አልኩ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብዬ።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። “የመሥሪያ ቤቱን ስም ያጎደፈች ባለሙያ ትሰናበት የምትሉ?” ተባለ። የግዥ ኃላፊው አሁንስ ስለ ምን እንደሆነም አልጠየቀም፤ እጁን አወጣ። ሌሎቹም አወጡ። እቃዬን በፌስታል ሰብስቤ ስወጣ ሽማግሌው በረንዳው ላይ ቁጭ ብለዋል። ሲያዩኝ ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። ያ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው ስለ ካርታቸው መስሏቸው ነበር።

“እህ ልጄ፣ ምን ተወሰነ?” አሉኝ።