ወንዙን አውጪው

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አራት ነበርን። እኔ ዘፋኝ ነኝ፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ግን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈትል ክፍል ሠራተኛ። ጊታር የሚጫወተው አስተማሪ ነው፤ ቤዝ የያዘው ታናሽ ወንድሜ። ድራም የሚመታው አቃቂ፣ በሰቃ ሰፈር፣ ብየዳ ቤት ነበረው፤ እሑድ እሑድ ብረቱን ወደ ጥግ ገፍቶ ቦታ ይለቅልናል። ሙቀቱ ስለማያስቀምጥ በሩን ከፍተን እንለማመድ ነበር። ሰፈሩ ሳንጠራው መጣ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሰው፣ በኋላ መንገዱ እስኪዘጋ።

አብልጠው የሚወዱልን ስለ ወንዙ የዘፈንነውን ነው። ፋብሪካው ቀይ ሲያቀልም ቀይ፣ ሰማያዊ ሲያቀልም ሰማያዊ ሆኖ ስለሚወርደው ወንዝ። ግጥሙን የጻፍኩት ከዚያ ውኃ የጠጣች የጎረቤታችን ላም የሞተች ሰሞን ነበር።

ያኔ ካሴት ያላወጣ ዘፋኝ አይባልም። ከተማ ወጥተን ለአንድ ወጣት አሳታሚ አሰማነው። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«ዜማው ግሩም ነው» አለኝ። «ግን የሚሸት ወንዝ ማን ይገዛል? ወንዙን አውጪውና ፍቅረኛ አስገቢበት። ድራሙን በኪቦርድ እንሠራዋለን።»

«ወንዙ ከወጣ ምን ይቀራል?»

«ገበያው» አለ።

ስንመለስ ወንድሜ «አንዴ ስማችን ይውጣ፣ ከዚያ የፈለግነውን እንዘፍናለን» አለ። ድራም መቺው ግን «በሰው ቃል የወጣ ስም የኛ አይሆንም» አለው። እኔም ከእሱ ጋር ቆምኩ። እዚያው ብየዳ ቤት በአስተማሪው ቴፕ ቀድተን፣ እያባዛን ከቃሊቲ አቃቂ ለሚመላለሱ የሚኒባስ ሾፌሮች አደልን። ብዙም ሳይቆይ የማላውቃት ሴት ፋብሪካው በር ላይ ግጥሜን ስታንጎራጉር ሰማኋት።

ክረምት ላይ ወደ ሥራ ስሄድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ዜማዬ ተከፈተ። ድምፁ የአንድ ታዋቂ ዘፋኝ ነው። ወንዙ የለም፤ በቦታው የአንዲት ቆንጆ ዓይን ገብቷል። ሥራ መግባቱን ትቼ በቀጥታ ወደ አሳታሚው ሄድኩ።

«ለዘፋኙ የሰጠኸው የኛን ዜማ ነው» አልኩት።

«የኔ እህት፣ ዜማ ነፋስ ነው። ማን ይይዘዋል?»

«አንተ ይዘህ ሸጥከዋ።»

ሳቀብኝ። ዘበኛ ጠርቶ በክንዴ አስጎትቶ አስወጣኝ። እንክሰስ ብንል የተፈራረምነው ወረቀት የለ፤ የሄድኩበት ሰው ሁሉ «ማስረጃ አለሽ?» ይለኛል። የገዛ ልጄን ልጄ መሆኑን አስረጂ የተባልኩ ያህል ተሰማኝ።

በዚያ እሑድ የወንዙን ዘፈን ዘለልኩት። ከማቅለሚያ ክፍል በጡረታ የወጡ አንዲት እናት ከሰዉ መሀል ተነሡ።

«ምነው የኛን ተውሽው?»

«እማማ፣ አሁን እኮ እኛ የሰረቅን ይመስላል።»

«ለማን ነው የሚመስለው? እዚህ የቆመው ሁሉ ያውቃል። ዝፈኚው።»

ዘፈንኩት። በንዴት ስለነበር መሀሉ ላይ ድምፄ ተሰነጠቀ፤ ሰዉ ተቀብሎ ጨረሰልኝ። ያኔ የአሳታሚውን ቃል እንቀበል ያለው ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ቤዙን ይመታል።

ካሴት ሳናወጣ ቀረን። ብየዳ ቤቱ ለመንገድ ሥራ እስኪፈርስ ድረስ ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ሰዉ በሩን ሞልቶ ይጠብቀን ነበር። ያንን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ ይቅር በይው የሚሉኝንም አልሰማም።