ቃሬዛው መሬት ሳይነካ

እኔ ነገር ሳይመጣ የምፈራ ሰው ነኝ። ልጆቼ ካስነጠሱ ደረታቸው ላይ ጆሮዬን አስደግፌ አዳምጣለሁ። በር ዘግቼ ከተኛሁ በኋላ ተነስቼ መወርወሪያውን እነካለሁ። የጤና መድን የሚባለው ወደ ቀበሌያችን ሲመጣ ቀድሜ የተመዘገብኩትም ከፍርሃቴ የተነሳ ነው። መዋጮውን በየዓመቱ ከቅቤና ከዕንቁላል ሽያጭ እከፍል ነበር።

«ሰው ሳይታመም ይታከማል?» ይለኝ ነበር ባለቤቴ። «ይኸ እኮ በሽታን ና ብሎ መጥራት ነው።»

«ካልመጣ እሰየው» እለዋለሁ።

በሽታው የመጣው በሐምሌ፣ ጤፍ በሚዘራበት ሰሞን ነው። የመጀመሪያ ልጄ የሆዷን ቀኝ ጎን ይዛ ተጠቅልላ ዋለች። በማግስቱ ውሃ እንኳ አልረጋላትም። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ መኪና እኛ መንደር አይገባም። የእድሩ ወንዶች ቃሬዛ ይዘው መጡ። ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሊወስዷት ሲያነሷት ባለቤቴ ለሕክምናው ሊሸጠው አንዱን በሬ ከጋጣ ፈታ።

«ተወው» አልኩት። «በጤና ጣቢያው በኩል እንሂድ። ከዚያ ወደ ሆስፒታል የሚመራ ወረቀት ከጻፉልን መድኑ ይከፍልልናል። በቀጥታ ከሄድን ግን ከኪሳችን ነው። ስብሰባው ላይ ሲነገር ሰምቻለሁ።»

«እኔም ስብሰባው ላይ ነበርኩ።»

«አንተ ከኋላ ቁጭ ብለህ ስለ ዝናብ ታወራ ነበር።»

በሬውን ግን መልሶ አላሰረውም። ቃሬዛው ከፊት፣ በሬው ከኋላ ሆነን ወጣን። ስንሄድ የሚያየን ሰው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥ ነበር። በእኛ አገር በዘር ሰሞን በሬ የሸጠ ሰው ለቀረው በሬ ጥንድ የሚሆን መቀናጆ ሲለምን ወቅቱ ያልፍበታል፤ ያን ዓመት ልጆቹ የሚበሉት የሰው እህል ነው።

ጤና ጣቢያው ከዋናው መንገድ ዳር ነው። እዚያ ስንደርስ ሮጬ ከፊታቸው ቆምኩ።

«አሳርፉልኝ።»

ቀዳሚው ተሸካሚ የባለቤቴ አጎት ነበሩ። «አንች ልጅ፣ ምን ነካሽ?» አሉኝ። «መንገድ ላይ የሚያርፍ ሬሳ ነው። ነፍስ ያላትን ልጅ እንዴት መሬት አስቀምጡ ትይናለሽ?»

ልክ ናቸው። እኛ ዘንድ አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ለፍትሐት በየቦታው ያርፋል። በሽተኛ ግን ትከሻ ለትከሻ ይቀባበሉታል እንጂ እስኪደርስ አይቀመጥም። እኔም ይኸን አውቃለሁ። ልጄ ደግሞ ከጋቢው ውስጥ ታቃስታለች።

«አባባ፣ እርስዎ የሚሉትን እኔም እፈራለሁ» አልኳቸው። «ግን ዝም ብለን ካለፍን በሬው መሄዱ ነው። ታናናሾቿስ?»

«ምናለ በሬውን ተሸክመን ልጅቱን በነዳን» አለ ከኋላ ያለው ጎረምሳ። «ትከሻዬስ እንደሆነ ልዩነቱን አያውቀውም።»

ሌሎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ያኔ ነው ነገሩ የመጣልኝ።

«እሺ፣ አታሳርፉት። ይዛችሁት ቁሙ፤ ነርሷን እኔ አመጣለሁ።»

ሽማግሌው አሰቡና «መቆም ይቻላል» አሉ።

ነርሷ ጃንጥላ ይዛ ወጣች። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ቃሬዛው ላይ አልደረሰችም። «ዝቅ አድርጉት» ስትላቸው እስከ ወገባቸው ዝቅ አደረጉት፤ ከዚያ በታች ግን አልወረደም። እሷ የልጄን ሆድ ስትነካ፣ ስትጠይቅ፣ ሙቀቷን ስትለካ፣ እነሱ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ቆሙ። ሽማግሌውን አንድ ሰው ልተካዎ ቢላቸው እምቢ አሉ።

«ትርፍ አንጀት ይመስላል፤ ለቀዶ ሕክምና መድረስ አለባት» አለች። የሚመራንን ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝና አምቡላንስ ጠራች። አምቡላንሱ ሲመጣ ልጄ ከእነዚያ እጆች በቀጥታ ወደ መኪናው ገባች። ቃሬዛው ጭቃ አልነካም። ሽማግሌው ክንዳቸውን እያሹ «እንዲህ ነው» አሉ፤ ነገሩን እሳቸው ያቀዱት ይመስል። ባለቤቴ በሬውን ወደ ቤት መለሰ።

ልጄን በዚያው ቀን ቀደዷት። ሐኪሙ «ትርፍ አንጀቷ ሊፈነዳ ተቃርቦ ነበር» አለኝ። በማግስቱ ባለቤቴ መጣና መድኃኒት ልናወጣ መስኮቱ ጋ ቆምን።

«ስንት ነው?» አለ።

«መድን ናችሁ። ምንም የለባችሁም።»

መድኃኒቱን ይዞ ጥቂት ራቅ አለና ሌላ መስኮት ሄዶ እንደገና ጠየቀ። እዚያም ያንኑ ነገሩት። ሲመለስ «አንች ሴት» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ። እኔ ግን ሰምቼዋለሁ።

የተሰፋው ሲጠግላት ወደ ቤት ተመለስን። መኪና ከሚያወርደን ቦታ እስከ መንደራችን ያለውን መንገድ ልጄ ክንዴን ይዛ ቀስ እያለች በእግሯ ሄደች። ገብስ ሲያርሙ የነበሩ ሴቶች ቀና ብለው አይተውን እልል አሉ። እኔ በሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ከሁሉም በላይ እልል ያልኩት እኔ ነኝ።