ከፎቶው የተረፈች እጅ

የቤተሰብ ታሪክ በመጽሐፍ አዘጋጅቶ የሚያትም ሱቅ ውስጥ፣ የአባቴን ፎቶዎች ታቅፌ ተራ ስጠብቅ ነው እኚያን አዛውንት ሴት ያየኋቸው። የግራጫ ሹራባቸው ክርን በሌላ ቀለም ክር ተጠግኗል። መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ወለወሉና፣ የእህታቸው ልጆች ያዘዙትን መጽሐፍ ረቂቅ ይገልጡ ጀመር። እያንዳንዱን ፊት በጣታቸው እየዳበሱ በቁልምጫ ይጠሩታል። አንድ ገጽ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«እኔስ?»

«እማማ፣ ፎቶው ለገጹ እንዲስማማ ጠርዙን ቆረጥ አድርገነዋል» አለ ባለሙያው።

«ጠርዙን? እናታቸው ስትሞት ሦስቱንም ያሳደግኩት እኔ፣ ጠርዝ ነኝ?»

«ልጆቹ አይተው ወደውታል እኮ።»

አንገቴን አስግጌ ገጹን አየሁት። ከእሳቸው የቀረው፣ ገና መቆም ያልለመደውን ትንሹን ልጅ ብብቱ ሥር ደግፎ የያዘ አንድ እጅ ብቻ ነው።

ሴትዮዋ አላለቀሱም። ረቂቁን ወደ ባለሙያው ገፉት።

«እንግዲያው ጀምረኸዋልና ጨርሰው፣ የኔ ጌታ! እጄንም ቁረጠውና ልጁ ሲቆም እንየው።»