አጎቴ ሰይድ የተቀጣ ዕለት

ባለፈው አርብ ከጁምዓ ስመለስ ልጄ ዘይነብ ከሆላንድ ደወለች። ሰኞ ቃለ መሐላ ፈጽማ የዚያን አገር ዜግነት ልትወስድ ነው። የእኛ ሕግ ደግሞ ሁለት ዜግነት አይፈቅድምና አንዱን ስትይዝ አንዱን መልቀቋ ነው። «አባዬ፣ ትቀየመኛለህ?» አለችኝ። «አብሽሪ፣ ለምን ብዬ!» አልኳት። አፌ እንዲያ ይበል እንጂ ልጄን ከእጄ የሚወስዱብኝ ነው የመሰለኝ። መርሳ አስፋልት ዳር ስልኩን ይዤ እንደቆምኩ አጎቴ ሰይድ ትዝ አለኝ።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው። በወጣትነቱ በሱዳን አድርጎ ስዊድን ገባና የዚያ አገር ዜጋ ሆነ። ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት፣ እኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ፣ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ መጣ። ጥቅምት ነበር። ከመርሳ ወደ መንደራችን ወደ ግራና የሄድነው በጭነት መኪና፣ በማሽላው መሃል ለመሃል ነው። አቧራው በጥርሳችን መሃል ይንቀጫቀጫል፤ እሱ ግን ጥንቅሽ እየላጠ እንደ ልጅ ይመጥጣል። የዚያን ዓመት ጥንቅሽ የመሰለ ዛሬ የት ይገኛል! ወይ ጥርሴ ይሆናል ያረጀው።

ግራና በክብር ተቀበለው። ፍየል ታረደ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ። ታዲያ ክብሩ በዛ። አብሮ አደጎቹ ሳይቀሩ «በእናንተ አገር ብርዱ እንዴት ነው?» ይሉታል። እሱ ይስቃል፤ እኔ ግን ዓይኑ እንደማይስቅ አይ ነበር። አንድ ቀን ፓስፖርቱን አሳየኝና፣ «ይችን ስይዝ እጄን አንስቼ ምያለሁ። አሁን እኔ የማን ነኝ?» አለኝ።

በሳምንቱ ጎረቤታችን እማማ ዘሃራ አረፉ። የቅሬ ጠሪው ማልዶ ከጉብታው ላይ ተጣራ። ቅሬ የመንደራችን ዕድር ነው፣ ሕጉም አጭር፤ ሰው ሲሞት ወንዱ ወጥቶ መቃብር ይቆፍራል፣ ሴቱ ውኃ ይቀዳል፣ ያበስላል፤ የቀረ ይቀጣል። አጎቴም ዶማ ይዞ ወጣ። ገና አንዴ ሳይሰነዝር አንድ ወጣት ቀልጠፍ ብሎ ዶማውን ተቀበለው።

«ኧረ ነውር ነው! አንቱ እንግዳ ነዎት፣ ጥላ ሥር ይረፉ።»

በአክብሮት ነው፤ ክፋት የለውም። አጎቴ ግን ክው አለ። ባዶ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

ደሜ ፈላ። «እንግዳ አይደለም!» ብዬ በሰው መሃል ጮህኩ። የቅሬው ዳኛ ሸህ ይማም ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ «ለመሆኑ ሰይድን ከቅሬ ያስወጣው ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ።

«የለም» አለ ሰዉ።

«ራሱስ ወጣሁ ብሏል?»

«ኧረ አላለም።»

«እንግዲያው አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቀርቷላ! አንተ ሰይድ፣ አባትህን ስንቀብር የት ነበርክ? ወላሂ አታፍርም! በል፣ ዛሬ ተቀባይ የለህም። ብቻህን እስከ ወገብህ ቆፍር!»

አጎቴ ኮቱን ወርውሮ ገባበት። ስዊድን ያለሰለሰው እጁ ወዲያው ውኃ ቋጠረ። አብሮ አደጎቹ ከዳር ሆነው «በርታ እንጂ፣ ገና የአንዱን ዓመት አልከፈልክም!» ይሉታል። ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ሲቀልዱበት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እሱ እያለቀሰ ይቆፍራል፤ እኔም ደስ ብሎኝ አለቅሳለሁ።

ቀትር ላይ ቤት ስንገባ መዳፉን ለእናቴ ዘርግቶ፣ «እህቴ፣ ቀጡኝ እኮ!» አላት።

«እሰይ! ይበልህ!» አለችው፤ እንባዋን እየጠረገች በቅቤ አሸችው።

ቅዳሜ ይህንኑ ለዘይነብ በስልክ አጫወትኳት። ስጨርስ፣ «እኔንስ በምን ትቀጡኛላችሁ?» አለች።

«አንቺማ ውኃ ትቀጃለሽ።»

«ስንት ጀሪካን?»

«እሱን ስትመጪ እናያለን» ብዬ ቶሎ ዘጋሁት። ሰኞ ማለች፤ እኔም ያን ቀን እህል በላሁ፣ ደህና ተኛሁ። ለመምጣት ያላሰበ ሰው ስንት ጀሪካን ብሎ አይጠይቅም።