ዶሮ ወጥ በሠላሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር

ባለቤቴ ማራቶን ልትሮጥ መሆኑን የነገረችኝ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለሁ ነው። ጫማ ማሰር ለኔ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ጎንበስ ስል ሆዴ ቀድሞኝ ጉልበቴ ላይ ይደርስና ትንፋሼን ይዘጋዋል።  ቀና ብዬ አየር ከሳብኩ በኋላ ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ድረስ ያስወቅሰኛል።

እሷ አልሳቀችም። «አሥር ዓመት ዐረብ አገር የሰው ቤት ጠረግሁ» አለችኝ። «ቤት ደግሞ ተጠርጎ አያልቅም፤ ሲነጋ ይቆሽሻል። ትምህርቴንም ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት። ሁሉ ነገሬ ጅምር ነው። አንድ ነገር፣ አንዲት ነገር ብቻ፣ ‹ጨረስኩ› ማለት እፈልጋለሁ።»

 መልስ ሲጠፋኝ ኃላፊነት መውሰድ ልማዴ ነውና እዚያው በቆምኩበት ራሴን አሠልጣኝ አድርጌ ሾምኩ።

ጊዜው መንገዱ ሰላም የነበረበት ዓመት ነው። ውድድሩ ከደብረ ታቦር ተነስቶ ወረታ ላይ የሚያልቅ፣ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ አብዛኛው ቁልቁለት ነበር። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሱና እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ያልገባ ሰው እንዳቋረጠ ይቆጠራል። ይህን ደንብ ጮክ ብዬ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ ደንብ ማንበብ ይሆንልኛል። «ቁልቁለት እኮ ነው» አልኳት ጨምሬ፣ «አንቺ ራስሽን መልቀቅ ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ።» ቁልቁለት ጉልበት እንደሚያደቅና የእግር ጥፍር እንደሚጥል የተማርኩት የሷ ሁለት ጥፍሮች ከወደቁ በኋላ ነው።

ማለዳ ማለዳ ልምምድ ጀመርን። «ጀመርን» ስል እሷ ትሮጣለች፤ እኔ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከነሾፌሩ በተከራየሁት ባጃጅ ከኋላ እከተላለሁ። በኛ አገር ሙሉ ሰው ሲሮጥ ከታየ ወይ ቤት ተቃጥሏል ወይ ሰው ሞቷል። በመጀመሪያው ሳምንት ከከተማው ወጣ እንዳልን አንድ ገበሬ በሬዎቻቸውን አቁመው፣ ዱላቸውን ይዘው አጠገቧ መሮጥ ጀመሩ። «ማነው እሱ? በየት በኩል ሄደ?» እያሉ ይጠይቋታል። ሌባ የምታባርር መስሏቸው ሊያግዟት ነው። ዞር ሲሉ ባጃጅ ውስጥ እኔን፣ ፊሽካ አፌ ላይ እንዳደረግሁ አዩኝ። ነገሩ ያን ጊዜ የገባቸው መሰላቸውና ዱላውን ወደኔ አዞሩት። ባሏ መሆኔን ምዬ ተገዝቼ ካስረዳሁ በኋላ እንኳ አልበረዱም። «ባሏ ተሆንህማ ምን ሁነህ ነው በባጃጅ የምታባርራት?» አሉኝ። 

የምግቡንም ጉዳይ እኔ ያዝኩት። ሯጭ ፓስታ መብላት አለበት የሚል ነገር ስልኬ ላይ አንብቤ ፓስታ በየቀኑ እንዲሠራ አዘዝኩ። እሷ ትንሽ ቀምሳ ትተወዋለች፤ እኔ ደግሞ እህል ሲጣል ማየት ስለማልወድ ድስቱን እጠርጋለሁ። በአራት ወር ውስጥ ሰባት ኪሎ ቀነሰች። እኔ ምን ያህል እንደጨመርኩ አልናገርም፤ ኪሎው ከቤታችን አልወጣም ብል ይበቃል። ቢሮ ውስጥ «አሠልጣኙ» ይሉኝ ጀመር፤ ሲሉኝም ሆዴን እያዩ ነው።

ትልቁን ጥፋት የሠራሁት ግን በስልክ ነው። ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በኋላ ሰው ይዝላል፣ እዚያ ላይ የሚያውቀው ሰው ውሃ ይዞ ቢጠብቀው ይበረታል የሚል ምክር አነበብኩ። ዓለም በርን አለፍ ብሎ፣ ልክ ሠላሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ የባለቤቴ አክስት ቤት አለ። ደጃፋቸው አስፋልቱ ላይ ነው። ደወልኩላቸው። «እሑድ ረፋዱ ላይ ልጅዎ በደጅዎ ታልፋለች፤ እባክዎ ውሃ ያቀብሉልኝ» አልኳቸው። «በደጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አዎ፣ በደጅዎ» አልኩ፣ ሥራዬን በሚገባ እንደሠራ ሰው። ዘመድ ደጃፍ ደርሶ ሳይገቡ ማለፍ እንደማይቻል የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። እኔም አውቃለሁ። አሠልጣኝ ከሆንኩ ወዲህ ነው የጠፋብኝ።

የውድድሩ ዕለት ባለቤቴ እስከ እኩሌታው ድረስ እንደ ቀልድ ወረደችው። ሰዓቷን እያሰላሁ «ሰዓት ተርፎሽ ትገቢያለሽ» አልኳትና ውሃውን ላረጋግጥ በባጃጅ ቀደምኳት።

አክስት ደጃፍ ስደርስ ድግስ ነው። ከዛፉ ሥር ሣር ተጎዝጉዟል፤ አግዳሚ ወንበር ወጥቷል፤ ጎረቤቱ ነጭ በነጭ ለብሶ ቆሟል። መሶቡም ቀርቧል።

«ውሃው የት ነው?» አልኩ።

«የምን ውሃ?» አሉ አክስት። «ዐረብ አገር ስትሄድ በመኪና አለፈችኝ። ስትመለስ በመኪና አለፈችኝ። ለሠርጋችሁ አሞኝ ቀረሁ። ዛሬ በግሯ እየመጣች በውሃ ልሸኛት? ዶሮ አርጃለሁ!»

 አክስቷን ልንጠይቅ ስንት ጊዜ ተነስተን «ሥራ በዝቶብኛል» እያልኩ ያስቀረኋት እኔ ነበርኩ።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ መጣች። ላቧ ፊቷ ላይ ደርቆ ጨው ሆኗል፤ ግራ እግሯን ታነክሳለች። አክስት እልል እያሉ መሐል አስፋልት ገብተው እጃቸውን ዘረጉ። እንግዲህ አክስትን ገፍቶ የሚያልፍ ሯጭ ካለ አላውቅም። ተቃቀፉ። ባለቤቴ በአክስቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ፤ አስተያየቷን ዛሬም ሳስታውሰው ያልበኛል።

«አክስቴ፣ ሩጫ ላይ ነኝ እኮ፤ ተመልሼ እመጣለሁ…»

«አፈር ስሆን! በሞቴ! አንዲት ጉርሻ!»

ባለቤቴ እንደገና ወደኔ ዞረች። አሠልጣኝ የሚባል ፍጡር የተፈጠረው ለዚህች ደቂቃ ነበር። አሠልጣኙ ግን ያለው ይህን ነው፦ «አንዴ አረፍ በይ፤ አታሳፍሪኝ።»

ተቀመጠች። እጇን አስታጠቧት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተባለና ሁለተኛው መጣ፤ ሦስተኛውን ጎረቤት አጎረሰ፤ አንዱ ጎረቤት አጉርሶ ሌላው እንዴት ይቀራል? እሷ ወደ መንገዱ እያየች ትውጣለች። ለኔም ቀረበልኝ። እምቢ ማለት ነውር ነው ብዬ በላሁ። እውነቱን ለመናገር ነውሩ ትዝ ያለኝ ከበላሁ በኋላ ነው፤ ወጡ ግሩም ነበር። ሰዓቴን ያየሁት እጄን ስታጠብ ነው። አምስት ሰዓት ሆኗል።

ባለቤቴ ልትነሳ ስትል ባቷ ተኮማትሮ እግሯ አልታዘዝ አላት። ተመልሳ ቁጭ አለች። ደነገጥኩ፤ ስደነግጥ ደግሞ ደግ እሆናለሁ። «በቃሽ» አልኳት። «ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ቀላል ነው እንዴ? ሞክረሻል። ባጃጁ ይኸው፣ ነይ ግቢ።»

ጮክ ብላ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት መሬት እያየች፣ በቀስታ፣ «ስምንተኛ ክፍልም ላይ ‹በቃሽ፣ ማንበብና መጻፍ ችለሻል› ነው ያሉኝ» አለች።

አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ከዚህ በፊት በሕይወቷ «በቃሽ» ያሏትን ሰዎች ሁሉ በልቤ ስወቅስ ኖሬ፣ እኔም ከነሱ አንዱ ሆኜ የወጡ ሽታ ገና ከጣቴ ሳይለቅ ተገኘሁ።

አክስት ሰምተው «ምንድን ነው ነገሩ?» ብለው ጠየቁኝ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወረታ መግባት እንደነበረባት ነገርኳቸው።

«አንተ! ይኸን ሳትነግረኝ?»

«ውሃ ያቀብሉልኝ ብያለሁ እኮ…»

«ውሃ አልህ እንጂ ሰዓት መቼ አልህ?» አሉና ከኔ ጋር የነበራቸውን ጉዳይ ጨረሱ። ቅቤ አስመጥተው ባቷን በሁለት እጃቸው ያሹት ጀመር። የሰው እግር እንደዚያ ሲታሽ አይቼ አላውቅም፤ ባለቤቴ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ከዚያ አክስት ወገባቸውን በነጠላቸው ጠበቅ አድርገው አሰሩ። «ተነሽ ልጄ፣ ልሸኝሽ» አሉ።

እንግዳ ብቻውን ከቤት አይወጣም፤ ይሸኛል። ያን ዕለት እንግዳዋን የሸኘው መንደሩ በሙሉ ነው። አክስት በአንድ ወገን ደገፏት፤ አንዲት ጎረቤት በሌላው። መጀመሪያ ቀስ ብለው ሄዱ፤ ቀጥሎ ፈጠን አሉ፤ ኋላ አክስት ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ዱብ ዱብ ማለት ሲጀምሩ ሕዝቡም ተከተለ። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እንዲህ ሆነው ሄዱና አንድ ድልድይ ጋ ሲደርሱ አክስት ቆሙ። ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። «እኔ እስከዚህ ነኝ። ያስፈጽምሽ ልጄ» አሉና ግንባሯን ሳሟት። ባለቤቴ ብቻዋን ቀጠለች። እያነከሰችም ቢሆን ሩጫ ነበር።

እኔ ከኋላችን ሲከተል ወደነበረው ባጃጅ ስራመድ አክስት አዩኝ። «ወዴት ነው? ሚስትህ በግሯ እየሄደች?»

ስለዚህ ሮጥኩ። ሆዴ ውስጥ ያለው ዶሮ ነፍስ የዘራ መሰለኝ። የድልድዩ ሰዎች ከዓይን እስኪጠፉ ድረስ፣ ምናልባት አራት መቶ ሜትር፣ በክብር ሮጥኩ። ከዚያ መንገድ ዳር ተቀምጬ ባጃጁ መጥቶ እስኪያነሳኝ ጠበቅሁ።

ወረታ ስትገባ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሰው ተበትኗል፤ ወንበሮቹ መኪና ላይ እየተጫኑ ነው። ገመድ የሚጠቀልል አንድ አስተባባሪ አያትና አዘነ። «ውድድሩ አልቋል እኮ፣ እህቴ» አላት።

«የናንተ ነው ያለቀው» አለችው። ሳትቆም አልፋው ሄደች፤ በኖራ የተሰመረውን መስመር ረገጠች፤ ሁለት እርምጃ ጨምራ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች።

እኔ አስተባባሪውን ልከራከር ሄድኩ። ወረቀቱን አውጥቶ አሳየኝ። ቁጥሯ «ያቋረጡ» ከሚለው ሥር ተጽፏል። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ትሕትናው፣ «ደንቡ ነው ወንድሜ» አባባሉ፣ እኔ በቢሮዬ መስኮት በኩል ባለጉዳይ የምመልስበት ዓይነት ነው። ምን ያህል እንደሚያናድድ ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረኝም ነበር። ወይም ነግረውኛል።

በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። አክስት ናቸው። «ጨረሰች?» አሉ፣ ሰላምታም ሳይቀድም።

ወረቀቱ ፊቴ ላይ ነበር። በሥራ ዘመኔ ሁሉ መዝገብ ላይ ከሰፈረው ውጭ አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። «ጨርሳለች» አልኩ።

ባለቤቴ ከተቀመጠችበት ቀና አለችና እጇን ዘረጋችልኝ። «ስጠኝ። እኔ ልንገራቸው።»

ስልኩን ሰጠኋት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ትሰበስብ ጀመር።  አክስት በወዲያ በኩል «ሃሎ? ሃሎ? ልጄ?» ይላሉ። እኔም እንደ ልማዴ ልናገርላት አፌን ከፈትኩ። በእጇ ከለከለችኝ። አፌን ገጠምኩ፤ እሷም ራሷ፣ «አክስቴ፣ ጨረስኩ» አለች።